ዓሣን መብላት በብልሃት፣ ማስገርም በወቅቱ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ጣና ሐይቅ ዓሣ ይናገራል። ክረምቱ ወጥቶ መፀው ሲገባ የሐይቁ ውኃ ምን ይመስላል? ቀረሶው፣ አምባዛውና ነጭ ዓሣው በዚህ ወቅት የት ይውላሉ? የትኛው ለመረብና ለመንጠቆ ይመጣል? የትኛውንስ ለጥቂት ሳምንታት ልንተወው ይገባል? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እናያለን። በታንኳ ወይም በጀልባ እያሰገራችሁ የምትኖሩ፣ በባሕር ዳር፣ በጎርጎራና በደልጊ ገበያ ዓሣ የምትሸጡና የምትገዙ፣ በጉማራና በርብ ወንዝ ዳር የምታርሱ ሁሉ ጉዳዩ ይመለከታችኋልና በጥሞና አዳምጡን።

(አጭር ሙዚቃ)

በአገራችን የዘመን አቆጣጠር መፀው መስከረም 26 ቀን ገብቶ ታኅሣሥ 25 ቀን ይወጣል። በምድር ላይ አደይ አበባ የሚታይበት፣ ሰብሉ የሚያሽትበት፣ ሰማዩ የሚጠራበት ጊዜ ነው። በሐይቁ ዘንድ ግን ሌላ ሥራ ይሠራል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታም 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥልቀቱ ትንሽ በመሆኑ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ውኃው ከላይ እስከ ታች ይታመሳል፤ ደለሉም ይነሳል። ጣናን የሚያሰግር ሰው ይህን ባሕርይ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ወደ ጣና ከ60 የሚበልጡ ወንዞችና ጅረቶች ይፈስሳሉ። ይሁን እንጂ ከወንዞች ከሚገባው ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡት አራቱ ትልልቆች ናቸው፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። እነዚህ ወንዞች በሐምሌና በነሐሴ ከደጋው አፈር ጠርገው ስለሚወርዱ ውኃው ቡናማ ሆኖ ይከርማል። የሐይቁ ከፍታ ጫፍ የሚደርሰው ግን በዝናቡ መካከል አይደለም፤ ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። ስለዚህ መፀው ሲገባ ሐይቁ ሙሉ ነው፤ ዳርቻው በውኃ ተሸፍኗል፤ ደንገሉና ሣሩ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረዋል፤ በሐይቁ ዳር ያለው የፎገራና የደንቢያ ሜዳም ገና ረግረግ ነው። ከዚያ በኋላ ውኃው ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ከዳር ጀምሮም ይጠራል። ሌሊቱ ይበርዳል። ዓሣው ቦታ የሚቀያይረው ይህን የውኃ ለውጥ ተከትሎ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዓሦቹ እንለፍ። በጣና በብዛት ለገበያ የሚቀርቡት በሦስት ወገን ይጠቃለላሉ፤ ቀረሶ፣ አምባዛና አስጋሪው ነጭ ዓሣ የሚላቸው። ቤሶ የሚባለው አራተኛው በመጠን ከሦስቱ ያነሰ ነው።

በቀረሶ እንጀምር። ቀረሶ የዳርቻ ዓሣ ነው። ዋና ምግቡ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉና በድንጋይና በቅጠል ላይ የሚበቅሉ ደቃቅ አረንጓዴ እፅዋት ስለሆኑ ብርሃን የሚደርስበትን፣ ሣርና ደንገል ያለበትን ጥልቀት የለሽ ቦታ ይወዳል። ዓመቱን ሙሉ ሊራባ ቢችልም በጣና በብዛት የሚራባው በክረምቱ ወራት ነው። ወንዱ በዳር ዳር አሸዋውን ቆፍሮ ጎድጓዳ ጎጆ ያበጃል። ሴቷ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ መልሳ በአፏ ትይዘዋለች፤ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉም ጫጩቶቿን የምትጠብቀው በአፏ ነው። በእነዚያ ቀናት አትበላም፤ ስለዚህ ወደ መንጠቆ አትመጣም። መረብ ግን መብላቷንና አለመብላቷን አይጠይቅም፤ ገብታ ትያዛለች፣ ስትጨነቅም በአፏ የያዘችውን ሁሉ ትተፋዋለች። በመስከረም ከደንገሉ ሥር መረብ የሚጥል ሰው አንዲት ዓሣ ባወጣ ቁጥር መቶዎችን ሊያጠፋ ይችላል የምንለው ለዚህ ነው።

ጥቅምት እየገፋ፣ ውኃው ከዳር እየጠራ ሲሄድ ቀረሶው መራባቱን ቀንሶ ምግብ ወደ መፈለጉ ይመለሳል። ያኔ በመንጠቆ ለሚያሰግር ሰው ጊዜው ጥሩ ነው። ትል፣ የተቦካ ሊጥ ወይም ዳቦ በትንሽ መንጠቆ ላይ አድርጎ ፀሐይ ውኃውን ሞቅ ካደረገች በኋላ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ በሣሩ ጠርዝ መሞከር ያዋጣል። በቀዝቃዛ ማለዳ ቀረሶ ሰነፍ ነው፤ ሙቀት ሲያገኝ ይነቃል።

ሁለተኛው አምባዛ ነው። አምባዛ ከሌሎቹ የሚለየው ከውኃም ከአየርም መተንፈስ መቻሉ ነው። በጭቃና በረግረግ፣ ሌላ ዓሣ አየር አጥቶ በሚሞትበት ቦታ ይኖራል። ዝናቡ ሲጀምር ከሐይቁ ወጥቶ በጎርፍ ወደ ተጥለቀለቁት ሜዳዎች ይገባል፤ እንቁላሉንም በሣሩ ላይ ይጥላል። በመፀው ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ አምባዛው በቦዩ ተከትሎ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። የዘገየው በየኩሬው ይቀራል። የፎገራና የደንቢያ ገበሬዎች በዚህ ወቅት ከማሳቸው ዳር አምባዛ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ኩሬው ሊደርቅ የተቃረበ ከሆነ በዚያ የቀረውን ትልቅ አምባዛ መያዝ በሐይቁ ላይ ጉዳት የለውም። ትንንሾቹን ግን በባልዲ አድርጎ ወደ ቦዩ ወይም ወደ ወንዙ መመለስ ለከርሞ ማስቀመጥ ነው።

አምባዛ የሚበላው በብዛት ሌሊት ነው። ያገኘውን ይበላል፤ ትሉንም፣ ትንሹን ዓሣም፣ የሥጋ ቁራጩንም። በአፉ ዙሪያ ያሉት ረጃጅም ጢሞች በጨለማና በደፈረሰ ውኃ ምግቡን ለማግኘት ያገለግሉታል፤ ስለዚህ ውኃው ገና ቡናማ በሆነባቸው የመስከረም ቀናት እንኳ ከሌሎቹ ይልቅ እርሱ ለመንጠቆ ይመጣል። በመሸ ጊዜ ጠንካራ ገመድና ትልቅ መንጠቆ ይዞ ማጥመጃውን ከታች ማሳረፍ ነው። አምባዛን ከመንጠቆ ስታላቅቁ ግን ተጠንቀቁ፤ በጎንና ጎኑ ባሉት ክንፎች ላይ ያለው እሾህ እጅ ይወጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ሦስተኛው ወገን ነጭ ዓሣ ነው። በእርሱ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ የመፀው ዋናው ጉዳይ ይህ ዓሣ ነውና።

ዓባይ ከጣና ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወረወራል። ያ ፏፏቴ ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ አጥር ሆኖ ኖሯል። ከአጥሩ በላይ የቀሩት ነጭ ዓሦች በረጅም ዘመን ብዙ ዝርያ ሆነው ተለያይተዋል። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ ከጣና 15 ዝርያዎችን ለይተው ገልጸዋል። አንዱ ቀንድ አውጣ ይበላል፤ አንዱ ቅጠል ይበላል፤ አንዱ ወፍራም ከንፈሩን ድንጋይ መካከል አስገብቶ ነፍሳት ይለቅማል። ከ15ቱ ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ናቸው። የሚያስደንቀው የዚህ ወገን ዓሣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው መሆኑ ነው፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ነክሶ መያዝ ስለማይችል በአፉ ልክ የሚገባውን ትንሽ ዓሣ አሳድዶ ይውጣል። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ይህን ያህል ትልልቅ ዝርያዎች ከዚህ ወገን አብረው የሚኖሩበት ሌላ ቦታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። በፊሊፒንስ የላናዎ ሐይቅ ተመሳሳይ ስብስብ ነበር፤ እርሱ ጠፍቷል።

አሁን የጉዞውን ነገር ልብ በሉ። ከእነዚህ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ በሐይቁ ውስጥ አይራቡም። ክረምት ሲገባ ከየአቅጣጫው ተሰብስበው ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት ቦታ ይጠብቃሉ። ወንዙ ሲሞላ ሽቅብ ይጓዛሉ። በደለል የደፈረሰውን ዋና ወንዝ አልፈው ወደ ትንንሾቹ ገባሮች ይዘልቃሉ፤ የሚፈልጉት ፈጣንና ጥርት ያለ ውኃ፣ ከሥሩም ንጹሕ ጠጠር ያለበት ቦታ ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ያርፋል፤ የሚፈሰው ውኃ አየር ያቀብለዋል። ደለል ከተጫነበት ታፍኖ ይሞታል። ጉዞው በሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ የሚበረታው በነሐሴና በመስከረም ነው። ዝርያዎቹም በአንድ ቀን አይወጡም፤ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ በዚህ ገባር፣ አንዱ በዚያ ይሄዳል። ስለዚህ መፀው ሲገባ በወንዞቹ ውስጥ ሦስት ዓይነት ዓሣ አለ ማለት ነው፤ ዘግይቶ የሚወጣ እናት ዓሣ፣ እንቁላሉን ጥሎ ተዳክሞ የሚመለስ፣ እንዲሁም ገና የተፈለፈለ ጫጩት።

እዚህ ላይ ነው አደጋው። በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የሚኖር ዓሣ በእነዚህ ሳምንታት በጠባብ ወንዝ አፍ ላይ ይታፈጋል። መረብ ዘርግቶ መሙላት ቀላል ነው። ነገር ግን የሚያዘው ዓሣ በሆዱ የከርሞውንና ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን ዓሣ የያዘ ነው። ነጭ ዓሣ እንደ ቀረሶ ቶሎ አይደርስም፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል ለመጣል ዓመታት ይፈጅበታል። የዘሩን እህል ፈጭቶ እንደሚበላ ገበሬ፣ በወንዝ አፍ የሚያሰግር ሰውም ለዛሬ ይጠግባል፤ ለከርሞ ግን የሚዘራው የለውም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ደርሶ ታይቷል። ለብዙ ዘመን ጣና የሚሰገረው በደንገል ታንኳ ነበር፤ ታንኳውም ከዳር ብዙ አይርቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። በሞተር ጀልባ የሚሰገረው ዓሣ በ1987 ዓመታዊ መጠኑ 39 ቶን ነበር፤ በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ተሻሻለ፤ ከተማውም ዓሣ በላ። ይሁን እንጂ በዚያው በ1990ዎቹ የነጭ ዓሣው ብዛት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች በተከታታይ ናሙና አረጋገጡ። በጣም የተጎዱት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ናቸው። ቀረሶና አምባዛ በዚያ መጠን አልተጎዱም። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ ጉዳቱን ያከበደው ጀልባው ብቻ ሳይሆን ዓሣው የሚያዝበት ቦታና ወቅት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከመረቡ ሌላ በወንዙና በሐይቁ ላይ የሚደርሱ ጉዳቶችም አሉ። አንዱ ብርብራ ነው። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መበተን ከጥንት የቆየ ልማድ ነው፤ ዱቄቱ ዓሣውን አደንዝዞ ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል። ነገር ግን ትልቁን ብቻ አይመርጥም፤ ጫጩቱንም፣ ዓሣው የሚመገባቸውን ነፍሳትም አብሮ ይገድላል። በመስከረምና በጥቅምት በአንድ ገባር ላይ የተበተነ ብርብራ የዚያን ዓመት ልጅ በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው የወንዝ አሸዋና ጠጠር ማውጣት ነው። ለግንባታ የሚጫነው ጠጠር የነጭ ዓሣው አልጋ ነው። ሦስተኛው ግድብና መስኖ ነው። በርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ በጉማራም በፓምፕ ውኃ ይሳባል። መስኖ ለገበሬው እንጀራ ስለሆነ ይቅር አንልም፤ ነገር ግን የዓሣው መውጫና መውረጃ ወራት ታውቆ ወንዙ ጨርሶ እንዳይደርቅ ውኃ ማስቀረት ይቻላል። አራተኛው ከተራራው ታጥቦ የሚወርደው አፈር ነው። እርከን የሠራ ገበሬ ማሳውን ብቻ ሳይሆን የዓሣውንም እንቁላል አዳነ።

አምስተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ ከደንቢያ እስከ ፎገራ፣ ብዙ ስፍራ ሸፍኗል። ወንዞቹ በክረምት ይዘው የገቡትን የአፈር ለምነት ተመግቦ የሚፋፋው በመፀው ነው። ከሥሩ ብርሃንና አየር ይጠፋል፤ ቀረሶ የሚራባበት ዳርቻ ይዘጋል፤ መረብና ታንኳም ይታሰራል። ነቅላችሁ ስታወጡት ከውኃው ጠርዝ አትተዉት፤ ሞገድ መልሶ ይወስደዋል። ራቅ አድርጎ ከምሮ ማድረቅ ያስፈልጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ታዲያ በመፀው እንዴት እናስግር?

መጀመሪያ ቦታውን ምረጡ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ከወንዝ አፍና ከወንዝ ውስጥ መረባችሁን አንሱ። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ከወንዝ አፍ ርቆ፣ ክፍት ውኃ ላይ ማስገር ይቻላል። በእነዚህ ሳምንታት ዋና ገቢያችሁ አምባዛ ቢሆን፣ ጥቅምት ሲገፋም ትልልቁ ቀረሶ ቢጨመርበት ሐይቁ ይችላል።

ቀጥሎ መረቡን ምረጡ። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ያልደረሰውን ዓሣ ያወጣል። በነጠላ ክር የሚሠራው ቀጭን የፕላስቲክ መረብ ደግሞ ርካሽ ቢሆንም አይበሰብስም፤ ተቆርጦ በውኃ ውስጥ ከቀረ ማንም ሳይጠቀምበት ዓሣ ሲገድል ይኖራል። ሰፊ ዓይን ያለውን፣ ሊጠገን የሚችለውን መረብ ያዙ። ማታ የጣላችሁትን ጠዋት በጊዜ አንሱ፤ የዋለ መረብ የሚሰጠው የተበላሸ ዓሣ ነው።

ስለ ደኅንነታችሁም እናስታውሳችሁ። ጣና ጠዋት ጸጥ ብሎ ከቀትር በኋላ በነፋስ ይነሳል፤ ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ሞገዱ አጭርና ተደራራቢ ነው፣ ታንኳ ይገለብጣል። ሥራችሁን በማለዳ ጨርሱ፤ ብቻችሁን አትውጡ። ከጥቅምት ጀምሮ ውኃው ስለሚቀዘቅዝ የወደቀ ሰው ቶሎ ይደክማል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ በምሽትና በንጋት ከደንገሉ ራቁ።

ዓሣውን ከያዛችሁ በኋላ ከፀሐይ ሰውሩት፤ በእርጥብ ጆንያ ወይም ቅጠል ሸፍኑት፤ በረዶ ካገኛችሁ በበረዶ አኑሩት። ሆድቃውን ቶሎ አውጥታችሁ በንጹሕ ውኃ እጠቡ። ገዢዎችም የዓሣውን ዓይንና ስንጥቡን እዩ፤ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ከሆነ ትኩስ ነው። ፊሌቶ ሆኖ ከቀረበላችሁ ሽታውንና ጥንካሬውን መርምሩ። በመስከረምና በጥቅምት እንቁላል የሞላው ነጭ ዓሣ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ከየት እንደ መጣ ጠይቁ። ገዢ ካልፈለገው አስጋሪውም አያመጣውም።

ለዚህ ሁሉ ሕግም አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በፌዴራል ደረጃ ወጥቷል፤ አንዳንድ ክልሎችም የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። ጣናም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ሌሊት በወንዝ አፍ ላይ ሕግ የሚያስከብረው ማኅበሩና የአካባቢው ሰው ነው። የአስጋሪዎች ማኅበራት ከወንዝ ዳር ቀበሌዎች ጋር ተቀምጠው ስለ ወንዝ አፍ አንድ ስምምነት ቢያደርጉ ከብዙ ቅጣት የበለጠ ይሠራል።

(አጭር ሙዚቃ)

ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች እንደግማለን። አንደኛ፣ በመፀው መግቢያ ሐይቁ ሙሉና ደፍራሳ ነው፤ ከጥቅምት ወዲህ ከዳር ይጠራል፣ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ የሚያዘው አምባዛ ነው፤ ሌሊት፣ ከታች። ሦስተኛ፣ ቀረሶ ጥቅምት ሲገፋ፣ ፀሐይ ስትሞቅ፣ በሣሩ ጠርዝ ይገኛል። አራተኛ፣ ነጭ ዓሣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ መንገድ ላይ ነው፤ ወንዝና ወንዝ አፍ ለእርሱ ይተው። አምስተኛ፣ ብርብራ፣ ጠባብ መረብና ደለል የሚገድሉት የነገውን ዓሣ ነው።

አባቶቻችን ዓሣን መብላት በብልሃት ይላሉ። ለአጥንቱ የሚደረገው ጥንቃቄ ለወቅቱም ይደረግ። ወንድሞቻችን ዓሣ አስጋሪዎች፣ እህቶቻችን ዓሣ ነጋዴዎች፣ እናንተም በወንዝ ዳር ያላችሁ ገበሬዎች፣ ከዘንድሮው መፀው ጀምሮ በየማኅበራችሁና በየቀበሌያችሁ ተነጋገሩ፤ ወንዝ አፉን ለነጭ ዓሣው ክፍት አድርጉለት። ከዛሬ ሦስትና አራት ዓመት በኋላ መረባችሁ ውስጥ የሚገባው ዓሣ ዘንድሮ ያሳለፋችሁት ነው።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)